ዘረመሏ የተቀየረ የወባ ትንኝ ጣና ዳር ትለቀቅ ቢባል ትስማማላችሁ?

ቢኒ ከሽምብጥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ቡና እየጠጣን የጀመርነው ክርክር አላለቀም፣ ወደዚህ ላምጣው። ነገሩ እንዲህ ነው። ክሪስፐር በሚባለው የዘረመል መቁረጫ የወባ ትንኝን ዘረመል ነክተው፣ የነኩት ነገር ለልጅ ልጆቿ ሁሉ እንዲተላለፍ ማድረግ ችለዋል። ጂን ድራይቭ ይሉታል። እንደ ወትሮው ቢሆን አንድ ዘረመል ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው። ይሄኛው ግን የራሱን ቅጂ እየሠራ ጥንዱ ክሮሞሶም ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ልጆቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ይዘውት ይወለዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሰዎች «ደብልሴክስ» የተባለውን ዘረመል እንዲህ አድርገው ሰበሩት። ከእናትም ከአባትም የወረሱት ሴቶች መንከስም እንቁላል መጣልም አቃታቸው። ሣጥን ውስጥ የነበረው መንጋ ከ7 እስከ 11 ባለው ትውልድ ድምጥማጡ ጠፋ። ወንዱ እንደሆነ ድሮም አይነክስም።

እዚህ መጡ አላልኩም፣ «ቢመጡስ» ነው ጥያቄዬ። እኔ ባለፈው ጥቅምት ልጄ ሦስት ሌሊት ስትንቀጠቀጥ አቅፌ ያደርኩ ሰው ነኝ። ልቤ ይልቀቁ ይላል።

ባለጀልባው፦
እኔ አልስማማም። እምቦጭን አይታችኋል አይደል? ጣና ላይ መኖሩ በይፋ ከታወቀ ከ2011 ወዲህ (በፈረንጅ ማለቴ ነው) ስንት ዘመቻ ወጣን፣ ስንቴ በእጃችን ነቀልን፣ ማሽን መጣ ተባለ። ትናንት ዘጌ ስሄድ ሞተሩ አጓራና ቆመ። አጥፍቼ በሆዴ ተኝቼ ብዳስሰው ፕሮፔለሩ ላይ እንደ ጸጉር ተጠምጥሟል። በቢላ እየቆረጥኩ ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ ቱሪስቶቹ ፎቶ ያነሱኛል። አንድ ጊዜ ከገባ የማይወጣ ነገር ምን እንደሆነ እኛን ጠይቁን። እባብ ያየ በልጥ በረየ ትሉኝ ይሆናል፣ ልበርይ። ደግሞስ እጯን የሚበላ ዓሣ የለም? ቀረሶው ምን ሊሆን ነው?

የፎገራ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ለዓሣው አታስብ። የኛ አገር ዋናዋ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ሐይቁ መሀል አትራባም። ፀሐይ የሚመታው ትንሽ የቆመ ውሃ ነው የምትወደው። የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ ይበቃታል። የሩዝ ማሳ ደግሞ ቤተ መንግሥቷ ነው። እምቦጭ ባዕድ ነው፣ ከሌላ አገር መጣ። እሷ ግን እኛ ጋ አለች፣ የሚለወጠው ዘሯ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ ልክ አይመስለኝም።

«አጎበር አለ፣ ርጭት አለ» የሚለኝ ሰው ካለ ደግሞ ፎገራ መጥቶ አንድ ሌሊት ከአባቴ ጋር ማሳ ይጠብቅ። ይቺ ትንኝ ውጭም ትነክሳለች፣ ከብትም ትነክሳለች፣ ሰው ሳይተኛም ትመጣለች። ሜዳ ላይ አጎበር አይዘረጋ። (አጎበሩን ለምን ለምን እንደምናውለው አልናገርም፣ ዓሣ አጥማጆቹ ይቀየሙኛል።)

ባለጀልባው፦
ተቀይሜያለሁ 😄

ላብራቶሪዋ፦
ከሥራ ነው የምጽፈው፣ በቁራጭ በቁራጭ ታገሡኝ። ስለ ትንኟ ከማውራታችን በፊት ወባውን ስለሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ እናውራ። አንድ ቀን አንድ ልጅ እሳት እየተፋ መጣ። ጣቱን ወጋሁ፣ ደሙን የፈጣን ምርመራዋ ካሴት ላይ ጠብ አደረግሁ፣ ጠበቅሁ። አንድ መስመር ብቻ። ወባ የለም ማለት ነው። እናቱ መድኃኒት ቤት ልትሄድ ተነሳች። ሆዴ እምቢ አለኝና ስላይድ ሠርቼ ቀለም ነክሬ በማይክሮስኮፕ ሳየው ቀይ ሕዋሱ ውስጥ ቀለበት ቀለበት የመሰሉት፣ ፋልሲፓረም የሚባሉት የወባ ጥገኞች ሞልተዋል።

ምክንያቱ ይታወቃል። ካሴቷ የምትፈልገው ጥገኛው የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። አንዳንዱ ጥገኛ ዘረመሉን ጥሎታል፣ ፕሮቲኑም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት አማራ፣ ትግራይና ጋምቤላ ውስጥ ከተገኙት ፋልሲፓረሞች 9.7 በመቶው በዚህ ምክንያት ከምርመራው እንደሚያመልጡ አሳይቷል። መድኃኒቱም ሰላም አይደለም፦ አርቴሚሲኒንን ለመቋቋም የሚረዳው አር622አይ የተባለው ለውጥ እዚሁ አገር ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታመመ፣ 1,157 ሞተ። ስለዚህ ባለጀልባው ወንድሜ፣ «አትንኩት፣ ባለበት ይቆይ» ስትል ባለበት እየቆየ አይደለም።

ቢኒ ከሽምብጥ፦
ታዲያ ደጋፊ ነሽ ማለት ነው!

ላብራቶሪዋ፦
ቆይ እንጂ። ካሴቷን ያታለለው ያው የተፈጥሮ ምርጫ ትንኟም ጋ አለ። ክሪስፐሩ የሚቆርጥበት ቦታ በሌላ መንገድ ከተጠገነ መቁረጫው አያውቀውም፣ ድራይቩም ይቆማል። ደብልሴክስን የመረጡት ቦታው ብዙ ለውጥ ስለማይችል ነው፣ እሱ ጎበዝ ሐሳብ ነው። ግን ያ ሥራ የተሠራው አኖፌለስ ጋምቢየ ላይ ነው። የኛዋ አረቢየንሲስ ናት። እህትማማች ናቸው፣ አንድ አይደሉም።

የፎገራ ልጅ፦
ይዳቀላሉ ግን። ወንዱ ዲቃላ መካን ነው፣ ሴቷ ትወልዳለች። በሴቷ በኩል ሊሻገር ይችላል።

ባለጀልባው፦
አያችሁ! ሊሻገር ይችላል አለ። እሱ ደስ ብሎት ያወራል፣ እኔ ያስፈራኛል። አንዷን ለቅቀው ሌላዋ ጋ ሊደርስ ነው። ለዚያኛዋስ ማን ፈቀደ?

ጋሽ ደንቢያ፦
ልጆቼ፣ ላቋርጣችሁ። ቆላድባ ነው የተወለድኩት። አባቴ የደንቢያውን የንዳድ ዘመን ሲያወራ ድምፁ ይቀንስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። 7,000 ያህል ሰው አለቀ ተብሎ ተጽፏል። እሱ ቁጥሩን አያውቅም፣ «ቀባሪ ጠፋ» ነበር የሚለው። እህል ማሳ ላይ ቆሞ ቀረ፣ የሚያጭደው የለማ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ አገሩን ሁሉ መታው፣ 3 ሚሊዮን ታመመ፣ 150,000 ሞተ ይባላል።

ከዚያ ዲዲቲ መጣ። ሰዎቹ ቱቦ ተሸክመው ግድግዳውን ሁሉ ረጩት። ቤታችንን መርዝ አደረጉት ያለ ነበር፣ ዶሮ ሞተብኝ ያለም ነበር። እኔ ግን የማስታውሰው ትኋኑ ሁሉ አልቆ በሰላም መተኛታችንን ነው። ያኔ የነገሩን «ወባን እናጠፋለን» ብለው ነው፣ ማጥፋት! ኋላ ቃሉ ቀስ ብሎ «መቆጣጠር» ሆነ። ስለዚህ እኔ አልቃወምም። ግን ድምጥማጡ ይጠፋል ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ።

ሕግ ተማሪው፦
ጋሼ ያሉት ትልቅ ነገር ነው፣ ያልተነሳ ነገር ልጨምር። የደህንነተ ሕይወት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 655/2001፣ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሎ ላላ ተደርጓል። እንዲህ ያለ ፍጡር ያለ ፈቃድ አይለቀቅም። ፈቃዱን የሚሰጠው ግን መንግሥት ነው፣ ጣና ዳር ያለው ሰው አይደለም። ቡርኪና ፋሶን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች ባና በምትባል መንደር መካን የተደረጉ ወንድ ትንኞችን ለቀቁ፣ ትንኞቹ ጂን ድራይቭም አልነበራቸውም። መንደሩን ዓመታት አወያይተው ነው የገቡት። በኦገስት 2025 መንግሥት በአንድ ቀን ቁረጡ አለና ቆመ። የመንደሩ እሺታ ለመጀመርም ለማቆምም ብቻውን አልበቃም።

ቢኒ ከሽምብጥ፦
ጂቡቲስ? እዚያ ለቀቁ አይደል?

ሕግ ተማሪው፦
ለቀዋል፣ በሜይ 2024። ያ ግን ሌላ ዓይነት ነው። የሚለቀቁት ወንዶች ናቸው፣ ሴት ልጆቻቸው ሳያድጉ ይሞታሉ። መልቀቅ ካቆሙ ዘረመሉ ከጊዜ በኋላ ራሱ ይጠፋል። የተለቀቀውም በስቴፈንሲ ላይ ነው፣ ያቺ ከእስያ የመጣችው፣ ሮቶ ውስጥ የምትራባዋ የከተማ ትንኝ። ይቺ ትንኝ ጂቡቲ ከመግባቷ በፊት እዚያ ወባ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታመመው 27 ሰው ነው፣ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። ድሬዳዋንም በ2022 ያስጨነቀቻት እሷ ናት።

ባለጀልባው፦
ቆይ፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም። መልቀቅ ሲያቆሙ የሚያልቅ ዓይነት አለ?

ላብራቶሪዋ፦
አለ። ቢኒ ሁለቱን ባንድ ከረጢት ከትቶ ነው የጀመረው።

ቢኒ ከሽምብጥ፦
ጥፋቴ ነው፣ እቀበላለሁ።

ባለጀልባው፦
እንግዲያው እኔ የተቃወምኩት የማያልቀውን ነው። የሚያልቀውን አምጡና ሽምብጥ ጀምሩ፣ ቢኒ ቤት አጠገብ። ዘጌን ኋላ እናያለን።

የፎገራ ልጅ፦
የሚያልቀው እኮ በየጊዜው መለቀቅ አለበት፣ በየጊዜው ብር ነው። ከተማ ላይ ይሆናል፣ ሮቶውን ቆጥረህ ትጨርሳለህ። የፎገራን ሜዳ፣ ጉማራና ርብ ሞልተው ሲተኙበት፣ ማን ነው በየሳምንቱ ትንኝ በካርቶን ይዞ ጭቃ ለጭቃ የሚዞረው? ድራይቩ የተፈለገው ለዚያ ነው፣ ራሱ ይሄዳል። ለናንተ ከተሜዎች የሚያልቀው ይበቃችኋል። ለኛ አይበቃም።

ባለጀልባው፦
ራሱ የሚሄደው ነው ያስጨነቀኝ አልኩህ እኮ!

ጋሽ ደንቢያ፦
አንድ ነገር ልጠይቅ። 7 ትውልድ፣ 11 ትውልድ አላችሁ። የትንኝ አንድ ትውልድ ስንት ጊዜ ነው?

ላብራቶሪዋ፦
ጋሼ፣ ሞቅ ካለ ከእንቁላል እስከ እንቁላል ሦስት ሳምንት ገደማ ይበሉ። ግን በ7 እና በ11 ትውልድ መጥፋቱ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ሜዳ ላይ እጅግ ይረዝማል።

ጋሽ ደንቢያ፦
ሦስት ሳምንት! እኛ የሰፈሩን ቦይ ለማስጠረግ ስብሰባ ከጠራን ሁለተኛ ዓመታችን ነው፣ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም።