የዕቅድ ውይይት፦ የመሪ ልምድና የስንዴ ማሻሻያ ፕሮጀክቶች ውጤት

አስተባባሪ፦ በጥናቱ ረቂቅ ላይ የፕሮጀክት መሪ ልምድ የተለካው በአገልግሎት ዘመን ብቻ ነው። እንዲህ ይለፍ ወይስ ይቀየር?

አዳቃይ፦ ይቀየር። ለእያንዳንዱ መሪ ስንት ፕሮጀክት ከማዳቀል ዝርያውን ለገበሬ እስከ መልቀቅ እንዳደረሰ፣ በስንዴ ላይ ይሁን በሌላ ሰብል፣ ስንቱ እንደተቋረጠና ማን እንዳቋረጠው እንመዝግብ። የተቋረጡት ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ አይገኙም፤ የማሳ መዝገብ ነው የሚያወጣቸው።

ስታቲስቲክስ፦ ውጤቱን በተለቀቁ ዝርያዎች ብዛት ከለካን ግን ተሳሳትን። ከማዳቀል እስከ መልቀቅ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ በመሃል መሪ ይቀየራል፤ መጨረሻ የመጣው ሌላው የዘራውን ያጭዳል። በየደረጃው እንለካ፦ የወላጅ ምርጫ፣ የመጀመሪያ ምልከታ፣ ብሔራዊ ሙከራ፣ ማረጋገጫ። ደግሞ ከባዱ ሥራ ለአንጋፋው ከተሰጠ ልምድ ጎጂ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ መሪው በጡረታ ወይም ለትምህርት የሄደባቸውን ፕሮጀክቶች ብቻ ወስደን በፊትና በኋላ እናነጻጽር፤ ሥራው ስለከሸፈ የተነሳው አይግባ።

አዳቃይ፦ ጥሩ። ልምድ ዱካውን የሚተወው ትንንሽ ነገር ላይ ነው። 6 መስመር ያለው፣ 1.2 በ2.5 ሜትር የሆነ የሙከራ መደብ በሄክታር 150 ኪሎ ሂሳብ 45 ግራም ዘር ይወስዳል። የብቅለት ምርመራ፣ ማለትም ከዘሩ ስንቱ እንደሚበቅል ማየት፣ ሳይደረግ ለሁሉም 45 ግራም ከተመዘነ፣ የምንለካው የዝርያን ሳይሆን የዘር ጥራትን ልዩነት ነው። መዝገቡ የብቅለት ማስተካከያ አለው ወይስ የለውም የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር።

የሰብል በሽታ፦ ልምድ ሲያሳስትም እንይ። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ ኩብሳና ጋለማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች መታ። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ የተባለ ዝርያ ዞረ፤ በ2013 ደግሞ አርሲና ባሌ ላይ ዲገሉን የግንድ ዋግ መታው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ በአንዱ ዋግ የተጎዳ መሪም ዓይኑ እዚያው ይቀራል። በእያንዳንዱ መሪ ዘመን ለማዳቀል ከተመረጡት ወላጆች ስንቱ ካለፈው ዙር የተደገሙ እንደሆኑ እንቁጠር። ልምድ እስከ አንድ ነጥብ ጠቅሞ ከዚያ በኋላ የሚጎዳ ከሆነ እዚህ ይታያል።

አስተባባሪ፦ ሁሉም ይገባል። የወረቀት መዝገቡን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያስገባሉ፤ የማይገጥመው ከዋናው ይጣራል።

ስታቲስቲክስ፦ መሪዎቹ በኮድ ይሁኑ፤ የደረጃ ሰንጠረዥ አይውጣ። «ማን ይበልጣል» የሚል ሽታ ካለው የትኛው የምርምር ማዕከል ነው መዝገቡን የሚሰጠን?