ከሀዋሳ ወደ ቡታን፦ ከየት ልጀምር?

የሐይቁ ዳር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ሁለት ዓመት ቆጥበን የሂማላያዋን አገር ቡታንን ልናይ ነው። ገደል ላይ የተሰቀለውን ገዳም በፎቶ ካየሁ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል። ግን በቀን የሚከፈል ገንዘብ አለ ይላሉ፣ እውነት ነው? ከፍታውስ አይከብደንም?

መንገደኛዋ፦
አዎ። ለአንድ ሰው በአዳር 100 ዶላር ለመንግሥት ይከፈላል፣ ሆቴልና ምግብ ለብቻው ነው። ውድ ነው፣ እኔ ግን አልቆጨኝም። ሕገ መንግሥታቸው ቢያንስ 60 በመቶው መሬት ሁሌም በደን እንዲሸፈን ያዛል፣ እዚያ ስትደርሱ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በዴልሂ ወይም በባንኮክ አድርጋችሁ የአውሮፕላን ማረፊያው ያለባት ፓሮ ከተማ ታርፋላችሁ። አውሮፕላኑ በተራሮቹ መሀል እየተጠማዘዘ ስለሚገባ መስኮት ዳር ያዙ።

መምህር ከታቦር ሰፈር፦
ወንድሜ፣ ከፍታውን አትናቀው። ሀዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ ፓሮ ከ2,200 ትበልጣለች፣ ያ ገደል ላይ ያለው ታክትሳንግ የሚባለው ገዳም ደግሞ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እስከ በሩ የሚያደርስ መኪና የለም። ስለዚህ ለመጨረሻዎቹ ቀናት አቆዩት። እስከዚያው እዚሁ ሀዋሳ ጠዋት ጠዋት የታቦርን ተራራ ውጡ። ጋንክሃር ፑንሱም የሚባለው ተራራቸው 7,570 ሜትር ነው፣ እስከ ዛሬ ጫፉን የረገጠ የለም። ተራሮቹን የተቀደሱ ናቸው ብለው ስለሚያከብሩ መውጣት በሕግ ክልክል ነው። ይሄ ነገር በጣም ነው የሚነካኝ።

የሐይቁ ዳር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር! ምግባቸውስ?

መንገደኛዋ፦
ኤማ ዳትሺን ቅመሱ፣ ቃሪያ በአይብ ነው። ቃሪያውን እንደ አትክልት ነው የሚሠሩት፣ ያቃጥላል! በጥቅምት ሂዱ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።