ምርጥ ምርጡን ብንሰበስብ ምርጥ ቡድን ይወጣዋል?

ትናንት አንዱ አባላችን «ከየክለቡ ምርጥ ምርጡን ማሰለፍ ነው፤ የአሰልጣኝ ጣጣ ምን ያደርጋል?» ብሎ ጽፎ ነበር። ዛሬ በሱ እንከራከር።

ኳስ አፍቃሪ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ያለ ጥሩ ጤፍ ጥሩ እንጀራ የለም።

እናት ጓዳ፦ ልጄ፣ እስቲ ዱቄቱን አፈስ አድርገህ እየው። ዓይን አለው? የእንጀራው ዓይን የሚመጣው ሊጡ ሲቦካ፣ አብሲት ሲጣልበት፣ የጋለ ምጣድ ሲያገኘው ነው። ማኛ ገዝቼ ድፍን ያለ እንጀራ የጋገርኩበት ቀን ብዙ ነው።

የድሮ ተመልካች፦ የ2002ቱን ፈረንሳይ ረሳችሁት? ሄንሪ ከእንግሊዝ፣ ትሬዝጌ ከጣሊያን፣ ሲሴ ከፈረንሳይ፤ ሦስቱም በየሊጋቸው በጎል አንደኛ ሆነው ነው ለዓለም ዋንጫ የሄዱት። በሴኔጋል 1 ለ 0 ተሸነፉ፣ ከኡራጓይ 0 ለ 0 ወጡ፣ በዴንማርክ 2 ለ 0 ተሸነፉ። ዋንጫውን ይዘው የሄዱት ሰዎች አንድ ጎል እንኳ ሳያገቡ ተመለሱ።

ኳስ አፍቃሪ፦ ዚዳን ተጎድቶ ነበራ! ሁለቱን ጨዋታ አልገባም። ከምርጦቹ አንዱ ስለጎደለ እንጂ ድምሩ አልተሳሳተም።

የድሮ ተመልካች፦ ወንድሜ፣ ራስህን ጠለፍክ። የጎደለው የዚዳን ጎል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስቱ አጥቂዎች ይሸፍኑት ነበር። የጎደለው ኳሱን የሚያደርስላቸው ሰው ነው።

ሯጩ፦ ቆይ ቆይ፣ እኔ ከኳስ አፍቃሪ ጋር ነኝ፤ ግን በአገር አቋራጭ ብቻ። እዚያ የቡድን ውጤት ማለት ድምር ነው። አንደኛ የወጣ 1 ነጥብ፣ አምስተኛ የወጣ 5። ትንሽ ድምር ያለው ያሸንፋል። ፈጣኖቹን ሰብስብ፣ አለቀ።

እናት ጓዳ፦ እነሱ ምን የሚቀባበሉት ነገር አላቸው?

ሯጩ፦ ትክክል እትዬ። ዱላ ሲጨመርበት ነገሩ ይቀየራል። ቤጂንግ 2008 የአሜሪካ ወንዶችም ሴቶችም በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ዱላውን ጥለው ለፍጻሜ ሳይደርሱ ቀሩ። እግራቸው እንደሆነ ፈጣን ነው! ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይቀባበላሉ ወይስ አይቀባበሉም?» ብዬ ነው።

የድሮ ተመልካች፦ ደመወዝ ግን ሁልጊዜ ይደመራል። ክለቦቻችንን ጠይቁ።

ኳስ አፍቃሪ፦ እሺ፣ አሰልጣኙን መልሻለሁ። ማኛዬን ግን አልተውም።

እናት ጓዳ፦ በዚህ ዋጋ? መጀመሪያ ሠርገኛውን አግኝ።