ባሌ ልብስ የሚያሰጣው ሲጨልም ሆኗል

የአባዶዋ፦
የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። በ1997 ተመዝግቤ፣ ለሴቶች በተያዘው የ30 በመቶ ዕጣ ስቱዲዮ ወጣልኝ። 20 በመቶውን ቅድመ ክፍያ በእቁብ ከፈልኩ፤ የቀረውን በየወሩ ለንግድ ባንክ እከፍላለሁ። አያት አካባቢ አንድ ቪላ ተመላላሽ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ነው፤ ግንባታው ሲቀዘቅዝ ሥራ ጠፋ። እኔ ስወጣ ልጁን የሚያበላውም፣ ልብስ የሚያጥበውም እሱ ነው። (ሽሮውማ ከኔ ይጥማል፣ ለሱ ግን ነግሬው አላውቅም።)

ጎረቤት «ቤቱም የሷ፣ ሱሪውም የሷ» ይለዋል። ባለፈው ቀሚሴን በረንዳ ላይ ሲያሰጣ ከታች አፏጩበት። ከዚያ ወዲህ ሲጨልም ነው የሚያሰጣው።

የምሠራበት ቤት ደግሞ ጋሼ እሁድ እሁድ ሽርጥ አስረው ፓስታ ይቀቅላሉ። እንግዶቹ «እንዲህ ነው የሠለጠነ ባል!» እያሉ ፎቶ ያነሷቸዋል። ሽንኩርቱን የከተፍኩ እኔ፣ ድስቱን የማጥብ እኔ። እትዬም የራሳቸው ንግድ አላቸው፤ ሱሪ ታጠቁ ያላቸው ግን የለም። ያው ሥራ እዚያ ሥልጣኔ፣ እኛ ጋ ውርደት የሚሆነው ለምንድን ነው? ለባሌስ ምን ልበለው?

ግንበኛው፦
እህቴ፣ ሳይት ላይ 12 ዓመት ቆይቻለሁ። ሴቶቹ በባሬላ አሸዋ አራተኛ ፎቅ ያወጣሉ። ፎርማኑ «ይቺ ወንድ ናት!» ይላል። ቅዳሜ ሒሳብ ሲከፈል ግን ተመልሳ ሴት ትሆናለች፣ ከወንዱ ያነሰ ነው የምትቀበለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በፆታ ምክንያት ክፍያ መለየትን ይከለክላል፤ ውል የሌላት የቀን ሠራተኛ ግን ምን ይዛ ትከሳለች? «ሴት ከባድ ነገር አታነሳም» የሚባለው የሚያነሳላት ላላት ሴት ነው።

እናት ዓለም፦
እኔ አልስማማም። ጋሼ የሚቀቅሉት ወደው ነው፣ ያንቺ ባል ተቸግሮ። ሰው የሳቀው በቀሚሱ ሳይሆን በማጣቱ ነው። ሥራ ሲያገኝ ወሬው ይቆማል።

የአባዶዋ፦
እናት ዓለም፣ ማጣቱ ላይ ልክ ነሽ መሰለኝ። ግን እኮ ሥራ እያለውም ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥብ ነበር፤ ያኔም በር ዘግቶ። ደግሞ ሥራ ሲያገኝ ልጁን ማን ይይዛል? ከደመወዜ ሞግዚት ልቅጠር?

ጠበቃ ነኝ፦
በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ ራስ ባል ነበር። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀርቷል። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ቤት በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው። ከተጋባችሁ በኋላ ያገኘሽው ከሆነ «ቤቱ የሷ» ባዮቹ በሕጉም ተሳስተዋል።

የአባዶዋ፦
አመሰግናለሁ፣ አነበብኩለት። «ሕጉ ደረጃው ላይ አይቀመጥም፤ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው» አለኝ። ዛሬ የልጁን ልብስ በጠራራ ፀሐይ አስጥቷል። ቀሚሴ ግን ታጥቦ ባልዲ ውስጥ ነው፣ እስኪመሽ።