አንድ የአይአርሲ ግንኙነት ለላፕቶፕም ለስልክም፦ የሌሊቱ ወሬ የት ይገባል?

ናቲ ዘጀሞ፦
ሰላም ወገኖች። የምሳተፍበት ፕሮጀክት ሰዎች የሚያወሩት ሊቤራ ቻት ላይ ነው፤ በአይአርሲ፣ ማለትም በጽሑፍ የቡድን ወሬ የሚካሄድበት መረብ ነው። አብዛኞቹ አሜሪካ ስለሆኑ መልስ የሚሰጡኝ እኔ ከተኛሁ በኋላ ነው። ድሮ ከላፕቶፕም ከስልክም ለየብቻ ስገባ፣ ሁለተኛው ስሜ ላይ ሰረዝ እየተቀጠለ ሁለት ሰው እመስል ነበር። አሁን የተከራየሁት ሰርቨር ላይ ዜድኤንሲ (እኔን ወክሎ ሁሌ ተገናኝቶ የሚቆይ ፕሮግራም) ጭኜ ሁለቱንም በሱ በኩል አስገባሁ፤ ስሜም አንድ ሆነ። ላፕቶፑን ቤት ክፍት ትቼው ነው የምወጣው። ታክሲ ውስጥ ስልኬን ስከፍት ግን የሌሊቱ ወሬ የለም! መብራት በጠፋ ሌሊት ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስልኬ ሁሉንም ያገኛል፣ ላፕቶፑ ሲነሳ ባዶ። ምን አጠፋሁ?

ቢጫ ሲም፦
ዜድኤንሲ ላይ ለስልክህ ሌላ ተጠቃሚ ፍጠርለት፣ ይለያያሉ።

የማታ ፈረቃ፦
ኧረ አይሆንም። ሁለት ተጠቃሚ ማለት ወደ ሊቤራ ሁለት ግንኙነት ማለት ነው፤ ያ ሰረዝ ተመልሶ ይመጣል።
ናቲ፣ የመብራቱን ነገር መጻፍህ ጠቀመ። ዜድኤንሲ ሲጫን ባለው ቅንብር፣ አንድም ክላየንት (ላፕቶፕ ወይም ስልክ ላይ ያለ የመወያያ መተግበሪያ) ከተገናኘ «ሰውየው አለ፣ እያነበበ ነው» ብሎ የቻናሉን ወሬ አያስቀምጥም። ላፕቶፕህ አንተ ተኝተህም አለህ እያለልህ ነው። ሁሉም ከወጡ ያስቀምጣል፤ ግን ቀድሞ ለገባው ካስረከበ በኋላ ያጠፋዋል። መብራት በጠፋ ጊዜ ቀዳሚው ስልክህ ነዋ።
በዌብ ገጹ ግባና የተጠቃሚህ ቅንብር ውስጥ «ኦቶ ክሊር ቻን በፈር» (የተቀመጠውን የቻናል ወሬ በራሱ የሚያጠፋው) የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አጥፋ። ለግል መልእክት «ኦቶ ክሊር ኩዌሪ በፈር» የሚል ለብቻው አለ፣ እሱንም። በፈሩ፣ ማለትም ወሬው የሚጠራቀምበት ቦታ፣ ካልነካኸው 50 መስመር ብቻ ነው የሚይዘው፤ ወሬ ለሚበዛበት ቻናል አይበቃም፣ 500 አድርገው።

ናቲ ዘጀሞ፦
ሠራ! ግን አዲስ ጣጣ መጣ። የታክሲ ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ያነበብኩትን ሁሉ እንደገና ይዘረግፍልኛል። ጀሞ እስክደርስ አንድ ጥያቄ አምስት ጊዜ አነበብኩ።

የማታ ፈረቃ፦
እሱ የማይቀር ነው፤ ዜድኤንሲ ማን እስከ የት እንዳነበበ አያውቅም። «ፕሌይባክ» የሚባል ተጨማሪ ሞጁል አለ፤ ክላየንቱ የሚደግፈው ከሆነ «ከዚህ ሰዓት ወዲህ ያለውን ብቻ ስጠኝ» ብሎ ይጠይቃል። ከዜድኤንሲ ጋር አብሮ ስለማይመጣ ለብቻ ኮምፓይል ታደርገዋለህ።

ሐረር ጌት፦
እኔ በዚሁ ተማርሬ ወደ ሶጁ ዞርኩ፤ እንደ ዜድኤንሲ ያለ ሌላ ፕሮግራም ነው። ከመነሻው ለብዙ ክላየንት የታሰበ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ያልደረሰውን ለይቶ ይሰጣል። አንድሮይድ ላይ ጎጉማ የሚባለውን ክላየንት ጫን፣ ይግባባሉ። ስትዘዋወር ግን የሊቤራ መግቢያህን በኤስኤኤስኤል (ሲገናኙ ወዲያው በስምና በይለፍ ቃል ማንነትን ማሳወቂያ)፣ ፖርቱን 6697 አድርገህ አስቀምጥ። ከአንዳንድ የኪራይ ሰርቨር አድራሻ ያለ ኤስኤኤስኤል አያስገቡም፤ እኔ ይህን እስካውቅ ግማሽ ቀን ፋየርዎል ስጎረጉር ውያለሁ።

ናቲ ዘጀሞ፦
ስልኬ ላይ ያለው ክላየንት ፕሌይባክን አይደግፍም፤ ስለዚህ ቅዳሜ ሶጁን እሞክራለሁ። እስከዚያ በፈሩን 100 ላይ አወረድኩት፣ መዘርገፉ ቀለል ብሏል። ማታ ፈረቃ፣ ሐረር ጌት፣ እግዜር ይስጥልኝ።