ከጎንደር ውጭ አገር ለነርስነት መመዝገብ፦ «ብሪጂንግ» ከምን ይጀመራል?

ማራኪ_ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የነርሲንግ ዲግሪ አለኝ፣ ዋርድ ላይ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ላይሰንሴም ታድሷል። ፊሊፒናውያን ነርሶች ብሪጂንግ (የጎደለውን ማሟያ ሥልጠና) እየገቡ አየርላንድ፣ ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ይመዘገባሉ ሲባል እሰማለሁ። እዚህ ጎንደር አንድ ደላላ «ለብሪጂንጉ ቅድሚያ ክፈይ፣ ቦታ ልያዝልሽ» ይላል። ከየት ልጀምር? ሰነዱንስ እዚሁ ሆኜ መጨረስ ይቻላል?

አዘዞ_12፦
እህቴ፣ ለደላላው አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ። ብሪጂንግ አስቀድሞ የሚገዛ ኮርስ አይደለም። የዚያ አገር የነርሶች መዝጋቢ አካል ፋይልሽን መርምሮ «ይህ ይጎድልሻል፣ በዚህ አሟዪ» ብሎ በደብዳቤ የሚሰጥሽ መልስ ነው። ደብዳቤው ሳይወጣ ቦታ የሚይዝልሽ ሰው የለም።

ደግሞ ፊሊፒናውያኑ ይሄዱበት የነበረው መንገድ ራሱ ተለውጧል። አውስትራሊያ የብሪጂንግ ኮርሱን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በፈተና ተክታዋለች፤ ትምህርትሽ ተዛማጅ ነው ግን እኩያ አይደለም ከተባለ መጀመሪያ ኤንክሌክስ የሚባለውን በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና፣ ቀጥሎ አውስትራሊያ ሄደሽ ኦስኪ የሚባለውን የተግባር ፈተና ትፈተኛለሽ። ኒውዚላንድም ካፕ ይባል የነበረውን የሳምንታት ኮርስ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ወዲህ በጽሑፍ ፈተናና ክራይስትቸርች በሚሰጥ ኦስኪ ለውጣለች። አየርላንድ ግን አሁንም ሁለት ምርጫ ትሰጣለች፦ ሆስፒታል ውስጥ በክትትል የሚሠራ የማላመጃ ጊዜ፣ ወይም ደብሊን የሚሰጥ የብቃት ፈተና። ማላመጃውን ከመረጥሽ የሚቀበልሽ ሆስፒታል ያስፈልግሻል፤ ፈተናውን ከመረጥሽ ዝግጅቱ በራስሽ ነው።

እንግሊዝ ብሪጂንግ የላትም፤ ሲቢቲ (በኮምፒውተር የሚሰጥ የጥያቄና መልስ ፈተና) እና ኦስኪ ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ፦ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው የባለሙያ እጥረት ያለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። የእንግሊዝ ቀጣሪዎች ከእነዚህ አገሮች ባለሙያ ፈልገው እንዲመለምሉ መመሪያቸው አይፈቅድም። አንቺ በራስሽ ማመልከት ትችያለሽ። ስለዚህ «የእንግሊዝ ሆስፒታል ወክዬ እመለምላለሁ» የሚልሽን ሰው አትመኚው።

ስቱደንት_ኮፒ፦
አዘዞ የጻፈው ልክ ነው፤ እኔ ስለ ሰነዱ ልጨምር፣ ወራት የሚበላው እሱ ነውና።

አንደኛ ስም። ፓስፖርት ላይ እስከ አያት ሦስት ስም ይጻፋል፣ ዲግሪው ላይ ሁለት ብቻ ይሆናል። ፊደሉም ይለያያል፤ «ፀሐይ» የሚለው ስም አንዱ ሰነድ ላይ በዋይ፣ ሌላው ላይ በአይ ሊያልቅ ይችላል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለመርማሪው ሁለት ሰው። ፓስፖርቱን መነሻ አድርጊና ዲግሪ፣ ላይሰንስ፣ የሥራ ልምድ ሁሉ በእሱ አጻጻፍ ይስተካከሉ። የማይስተካከል ካለ የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዢ።

ሁለተኛ ቀን። ሰኔ 30 ቀን 2010 የተመረቀ ሰው ሰነዱ ላይ 30/10/2010 ተብሎ ከተጻፈ፣ ውጭ ያለው መርማሪ የሚያነበው ኦክቶበር 30፣ 2010 ብሎ ነው። እውነተኛው ጁላይ 7፣ 2018 ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳትገቢ የተመረቅሽ ትመስያለሽ ማለት ነው! የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ፣ እ.ኤ.አ. መሆኑም ይጠቀስ።

ሦስተኛ ሰዓት፣ ብዙ ሰው የሚረሳው። የፊሊፒናውያኑ ትምህርት የንድፈ ሐሳቡንና የተግባር ልምምዱን ሰዓት ለየብቻ ስለሚያሳይ መርማሪው በቀላሉ ያነጻጽራል። የእኛ ስቱደንት ኮፒ ክሬዲት ብቻ ነው የሚያሳየው። ዲፓርትመንትሽን በሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና፣ በእናቶችና ሕፃናት፣ በአእምሮ ጤና ስንት ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ስንት ሰዓት ዋርድ ላይ እንዳሳለፍሽ የሚያሳይ በማህተም የተረጋገጠ ደብዳቤ ጠይቂ። «ይጎድልሻል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ጎድሎ ሳይሆን ወረቀቱ ሳያሳየው ቀርቶ ነው፤ ያሳዝናል።

ወጪ መጋራት ካለብሽ አስቀድመሽ ክፈይ፤ ያለዚያ ኦሪጅናል ዲግሪው አይለቀቅም። ከ1996 ዓ.ም በፊት የተመረቀ አንባቢ ካለ ደግሞ ዲግሪው ላይ ያለው ስም የሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ነው፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ይያዝ።

የመልካም ሥነ ምግባር ማረጋገጫውን ላይሰንስ የሰጠሽ አካል፣ ባሕር ዳር ያለው ጤና ቢሮም ሆነ ጤና ሚኒስቴር፣ በቀጥታ ይልካል። በእጅሽ ይዘሽ የምትልኪው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ ከጎንደር ወጥተሽ መመላለስ አይቀርልሽም።

ማራኪ_ነርስ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ የቀኑን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። በእንግሊዝ በኩል ፈተናው ላይ ሰው የሚወድቀው ምን ላይ ነው?

ድሪፕ፦
መጀመሪያ ቋንቋው። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ካልሞላ በ12 ወር ውስጥ የተወሰዱ ሁለት ውጤቶች ይጣመራሉ።

ሲቢቲው ሁለት ክፍል ነው፦ 15 የስሌት ጥያቄ በ30 ደቂቃ፣ 100 የክሊኒክ ጥያቄ በሁለት ሰዓት ተኩል። ስሌቱ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ መለኪያውን ማሳሳት ነው የሚጥለው። 1 ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት፣ አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ፦ 1000 በ20 አባዢ፣ ለ480 ደቂቃ አካፍዪ፣ 41.67 ይመጣል፤ 42 ጠብታ በደቂቃ ትያለሽ። በፓምፕ ከተጠየቀ ግን መልሱ በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር ነው። ጥያቄው የትኛውን እንደፈለገ ሳያዩ መልስ መጻፍ ነው ጥፋቱ።

ኦስኪው 10 ጣቢያ፣ ማለትም እየተዘዋወርሽ የምትፈተኚባቸው ቦታዎች አሉት። እዚያ የሚጥለው የእጅ ሙያ አይደለም፣ የእኛ ነርስ እጁ የፈታ ነው። ስምና የልደት ቀን ጠይቆ ከእጅ ማሰሪያው ጋር አለማመሳከር፣ መድኃኒት ከመስጠት በፊት አለርጂ አለመጠየቅ፣ ቻርቱ ላይ ቀንና ፊርማ መርሳት ነው። ትንፋሽን ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሪ፤ 15 ሰከንድ ቆጥረሽ በአራት ብታባዢ 24 ብለሽ የምትጽፊው እውነቱ 25 ሊሆን ይችላል። በእነሱ የክትትል ቻርት 24 ሁለት ነጥብ፣ 25 ሦስት ነጥብ ነው፤ በአንድ ምልክት ሦስት ከሆነ ሐኪም ማሳወቅ ይጠበቅብሻል።

አይኤልትሱን ለመፈተን አዲስ አበባ መሄድ ስላለ ቢያንስ ከዋዜማው ግቢ። ቀጠሮው ላይ 9፡00 የሚል ካየሽ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት መስሎሽ እንዳትቀሪ።