«ባጀት የለንም» ሲሉሽ እዚያው አትፈርሚ

ስለ ልጇ አይኢፒ (ልዩ ትምህርት ለሚያስፈልገው ልጅ ትምህርት ቤቱ ከወላጅ ጋር የሚያወጣው የግል ዕቅድ) ስብሰባ፣ «ባጀት የለንም ቢሉኝ ምን ልበል?» ብላ ለጠየቀችን እህት፦

ጽሑፍሽን ሳነብ የራሴው ቀን ትዝ አለኝ። ልጄ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ትንንሽ የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ እኔ ብቻዬን፣ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ስድስት። አስተርጓሚ የለም። ሃያ ምናምን ገጽ ወረቀት ፊቴ ተቀመጠ። አንደኛዋ በትህትና «ዘንድሮ ባለሙያ ስለሚያጥረን ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) በሳምንት 20 ደቂቃ ነው የምንሰጠው» አለችኝ። አመስግኜ ፈረምኩ። በሰው አገር ልጄን በነጻ እያስተማሩልኝ ጭራሽ ጨምሩልኝ ልበል? ያ ፊርማ ዛሬም ይቆጨኛል።

ያኔ ያላወቅሁት ይህን ነው። እዚህ አሜሪካ ልዩ ትምህርት የትምህርት ቤቱ ቸርነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው፣ ዛሬ አይዲኢኤ የሚባለው የፌዴራል ሕግ የልጁ መብት አድርጎታል። አይኢፒው ላይ የሚጻፈው ለልጁ የሚያስፈልገው እንጂ ዲስትሪክቱ (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ካዝና ውስጥ የተረፈው አይደለም። ባለሙያ ከሌላቸው መቅጠር ወይም ከውጭ ማምጣት የእነሱ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኮሎራዶ የአንድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጉዳይ ላይ በሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ ለስም ያህል ትንሽ መሻሻል አይበቃም ብሎ።

ስለዚህ ጥያቄሽን በኢሜይል አድርጊው፣ ቀኑ ይመዘገብልሻል። ልጁ ምን እንደሚያስፈልገው የሚለየው ምርመራ እንዲደረግ ከፈቀድሽ በኋላ የፌዴራሉ ሕግ 60 ቀን ይሰጣቸዋል፤ ስቴትሽ የራሱ ቆጠራ ሊኖረው ስለሚችል እሱን ጠይቂ። አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባሉ። ትልቋ ልጅሽ ታስተርጉም እንዳትይ፤ ስለ ወንድሟ የሚባለውን ሁሉ እሷ መሸከም የለባትም። «ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምታወሩ ነው የዘገየው» ካሉሽ በአማርኛም ይመዘን በያቸው። የኔ ልጅ በአማርኛም «ውሃ» ማለት አቅቶት እጄን ይዞ ወደ ቧንቧው ይጎትተኝ ነበር።

የጠየቅሽውን እንቢ ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ግዴታቸው ነው። በአፉ «ባጀት የለም» የሚል ሰው ወረቀት ላይ ሲሆን ይጠነቀቃል። ወረቀቱን ቤት ወስጄ አንብቤ እመለሳለሁ ማለትም ትችያለሽ።

ግን እውነቱን ለመናገር የገንዘቡ ነገር ውሸት አይደለም። ኮንግረስ ያኔ በ1975 ለአንድ ተማሪ በአማካይ ከሚወጣው እስከ 40 በመቶ ድረስ እሸፍናለሁ ብሎ ነበር። እስከዛሬ እዚያ ደርሶ አያውቅም፤ አሁን ከ15 በመቶ በታች ነው። የቀረውን ስቴቱና ካውንቲው ይችሉታል፤ የካውንቲው ድርሻ ደግሞ ብዙው ቤት የገዛን ሰዎች ከምንከፍለው የንብረት ግብር ነው። አስተማሪዎቹም ጫናው በዝቶባቸው ነው የሚሠሩት፣ እነሱን አትቆጫቸው። ልጅሽ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ካለው ትምህርት ቤቱ ለቴራፒው ከዚያ እንዲያስከፍል ፊርማሽን ሊጠይቅሽ ይችላል። ባትፈርሚም አገልግሎቱን ሊያቋርጡበት አይችሉም።

ለሌሎቻችሁም አንድ ነገር ልበል። ባጀቱ የሚወሰነው አይኢፒ ስብሰባ ላይ ሳይሆን የትምህርት ቦርዱ ዘንድ ነው። ቦርዱ ባጀቱን ከማጽደቁ በፊት ሕዝብ ያናግራል። ስም አስመዝግቦ መናገር ይቻላል። እኔ አንዴ ሄጄ ነበር፤ አዳራሹ ሞልቶ ከእኛ ሰው ግን ማንንም አላየሁም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ እድሩ በሙሉ እዚህ እያለ አምስት ሰው እንኳ አጣን ማለት ያሳዝናል። ልጆቻችንን መደበቅ ይብቃን፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

እህቴ፣ ሕጉ ልጁን የሚያውቅ ሰው ይዘሽ እንድትገቢ ይፈቅድልሻል። ልጅሽን በየሰንበቱ ስለማየው እኔም አውቀዋለሁ። ቀኑን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ከሥራ አስፈቅጄ አብሬሽ እገባለሁ።